ጋሼን ማን ይረከባል?

ሚያዝያ 3

ደህና ዋልኩ። ከሰዓት አንድ አባት አራት ወንዶች ልጆቹን ይዞ መጣ። ልጆቹ ሁሉ «እንደ አባባ ይቆረጥልን» አሉ። አባትየው መላጣ ነው። ለማግባባት ስንት ነገር አወራሁ...

የፀጉር ማሽኑ ደግሞ መንጫጫት ጀምሯል። ዘይት ይፈልጋል። ወገቤም እንደዚያው።

ሚያዝያ 4

ሱቁን ልከፍት ስል ከበሩ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ድንጋይ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ... ኤሊ። በጀርባው ተገልብጦ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ያወናጭፋል። አቃናሁት። መንገዱን ይቀጥላል ስል ቀጥ ብሎ ሱቅ ገባ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄ ሰውዬ ፀጉር የለው፣ ጢም የለው፣ ምን ሊሆን መጣ?» አለ። ምላጭ የምንለው ለዚህ ነው፤ ለምላሱ።

መስተዋቱ ላይ «ኤሊ የጠፋበት ይጠይቅ» ብለን ለጠፍን። ለጊዜው ጋሼ አልነው። አረማመዱም አስተያየቱም የጡረተኛ ነው። ችግሩ እኔንም ደንበኞች ጋሼ ነው የሚሉኝ። ምላጭ «ጋሼ፣ ከወንበሩ ሥር ውጣ» ሲል እኔ ዞርኩ።

ሚያዝያ 6

ጠያቂ የለም። አንድ ሰውዬ ብቻ መጥቶ ቅርፊቱ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። ምላጭ በሚገባው ቋንቋ ሸኘው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ሁሉም ተረቱን እዚያው የፈጠረው ይመስለዋል። እስከ ምሳ ድረስ ሳቅኩላቸው። ከምሳ በኋላ አቃተኝ።

ጋሼን ግን አሳመርኩት። ሻምፖ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ በጢም ብሩሽ ፈተግ ፈተግ፣ መጨረሻ ላይ የፀጉር ቅባት። አብረቀረቀ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ አርፎ የተቀመጠልኝ ደንበኛ የለም።

ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። ሄዶ አልጋዬ ሥር ተወሸቀ። እራት እየበላሁ የዕለቱን ወሬ ሁሉ ነገርኩት... ለካ ብዙ ወሬ ነበረኝ።

ሚያዝያ 9

አልበላ አለ። ዳቦ በወተት አርሼ ሰጠሁት፤ ፊቱን አዞረ። ቅባቱ ላይ ደግሞ የሱቁ ፀጉር ሁሉ ተለጥፎበት ጀርባው ጢም አበቀለ። ጨነቀኝ። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ገና ስታየው ምን እንደቀባሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቅባቱ ጥሩ ዓይነት እንደሆነም ጨመርኩ። ቅባት አይሆንም። ሻምፖ አይሆንም። ዳቦና ወተትማ ጭራሽ። የሚያስፈልገው ሣር፣ ቅጠል፣ ፀሐይ፣ የሚቆፍረው አፈር ነው። ፎቅ ላይ አይኖርም። ደግሞም ጋሼ ሴት ናት አለችኝ።

እንግዲህ እትዬ እንዳልላት፣ እትዬ የምለው ታላቅ እህቴን ነው። ትቀየመኛለች። በያዘችው ስም ትቀጥል።

ልወጣ ስል ነው ሐኪሟ የጠየቀችኝ። «ገና ሃምሳ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ከእርስዎ በኋላ ማን ይረከባታል?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሰፊ ግቢ ያለው የእንስሳት መጠለያ ታውቃለች። ቅዳሜ መኪናቸው ይመጣል። እስከዚያ ይወስኑ አለችኝ።

ሚያዝያ 10

ማን ይረከባታል? እያልኩ ስቆርጥ አንዱን ደንበኛ ከፈለገው በላይ አሳጠርኩት። ያድጋል አልኩት።

ምላጭን ጠየቅኩት። «እኔና አንተ እኮ ተያይዘን ነው የምንሄደው» አለኝ። እውነቱን ነው። ታዲያ ሌላ ማን አለኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እስከ ዛሬ ይሄ ነገር ከንክኖኝ አያውቅም። አሁን በኤሊ ምክንያት...

እትዬ አለች እንጂ። ግቢ አላት፣ ሣር አላት። ግን እሷ ጋ መሄድ የዚያን ክፍል ወሬ መቀስቀስ ነው። ልጇ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደ ጀምሮ የጓሮው ክፍል ባዶ ነው። ና ግባ ትለኛለች፣ አስቤበት እነግርሻለሁ እላታለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት እያሰብኩ ነው። እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሦስት ቀን መዳብ ይባል የለ? እህቴ ዓይን ውስጥ መዳብ መሆን እፈራለሁ። ደግሞ የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ በር... በዚህ ዕድሜዬ ጥገኛ ልሁን?

ለመጠለያው ልስጣት። ለእሷም ይሻላታል።

ይሻላታል?

ሚያዝያ 11

ጋሼን በፎጣ ጠቅልዬ እትዬ ጋ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ነበር። በሩን ስትከፍት የወጣኝ ግን «እኔ ስሞት ኤሊ ትረከቢኛለሽ?» የሚል ነው።

ጤነኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። ከዚያ በስድስት ዓመት እንደምትበልጠኝ አስታወሰችኝ። እውነትም... ይሄን ሳላስበው ነው የሄድኩት። ልጇ ጋ ደወለች። እሱ ስቆ ሳይጨርስ እሺ አለ። ያን ያህል ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ስልክ አለቀ።

ጋሼን ጓሮ ለቀቅናት። እንደገባች ሣሩን መጋጥ። ስትበላ ሳያት ይሄ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም። እትዬ ፎጣውን እያጠፈች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። «ኤሊዋ ተረካቢ አገኘች። አንተስ?»

እኔ ምንም አልጎደለኝም፣ ላስቸግርሽ አልፈልግም አልኳት። ፎጣውን ደግማ አጠፈችው።

«ና የምልህ ለአንተ ብዬ መሰለህ? ቤቱ ጭር ሲል እፈራለሁ።»

እትዬ እኮ ናት፤ ልጅ ሆነን ውሻ የምታባርርልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሳስብ እሷ ስትፈራ ኖራለች። አንጀቴን በላችው። ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ዕቃዬን እሰበስባለሁ አልኳት። ክፍሉን ቀድማ አስጠርጋው ነበር።

ሚያዝያ 12

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። መኪናው እንዳይመጣ።

ግንቦት 2

ከእትዬ ጋር ተጣላን። ለጋሼ ሰላጣ ታበዛለች። ሐኪሟ በመጀመሪያ ሣር ማለቷን ብነግራት «በቅባት የፈተፈትካት አንተ ነህ የምትመክረኝ?» አለች። ለጎረቤት ደግሞ ምን እንደምትል ሰማሁ፤ «ኤሊ አለችኝ፤ ወንድሜም አብሯት መጥቷል።»

ዛሬ ደንበኛ በዝቶ ቆየሁ። ስደርስ መሸት ብሏል። የግቢው በር ገርበብ እንዳለ ነው። ደነገጥኩ፤ ገፍቼ ገባሁ። እትዬ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። አፏን ከፍታ፣ እያንኮራፋች፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ።

ቀስ ብዬ ዘጋሁትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።