ለደረቡልኝ ካባ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኦራዝጋሊ፣
የሳሪቡላክ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት፤
ባሉበት (ካሉ)

ጉዳዩ፦ ኳስ መጫወት አለማቆሜን ስለማሳወቅ

ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ለእሽቅድምድም የሚያሠለጥኗቸው ፈረሶችዎ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? በዚህ የሐምሌ ሐሩር ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲዘዋወሩ ጉልበትዎን እንዳያምዎት ከልቤ እሰጋለሁ፤ የጉልበትን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና። እኔ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ነው እንግዲህ የሚያምነኝ ሰው ያጣሁት።

ከሸኟቸው ሰዎች ብዛት የተነሳ ረስተውኝ ከሆነ፣ ካይርጌልዲ ኢስካኮቭ እባላለሁ፤ በክለብዎ አሥራ አራት የውድድር ዘመን ስድስት ቁጥር ማልያ ለብሼ መሐል ሜዳ ላይ የሮጥኩ፣ አምና ጉልበቴን ተሰፍቼ፣ በጥርና በየካቲት በረዶ፣ ማሞቂያው በተበላሸው አዳራሽዎ ውስጥ ትንፋሼ ጢሜ ላይ እየረጋ ብቻዬን ልምምድ ሠርቼ የተመለስኩ አማካይ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፤ አሠልጣኙም በመጀመሪያው አሰላለፍ ውስጥ አስገብቶኝ ነበር። እርስዎ ባያከብሩኝ ኖሮ ዛሬም እጫወት ነበር።

እንግዲህ ጊዜዎን ላለማባከን ስል አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወደ ሜዳው መሐል ስላስጠሩኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ታኬታዬን አሥሬ፣ እግሬን አሟሙቄ ስመጣ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ሰማያዊ የከፋይ ካባ ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ፤ ነጩንም ባርኔጣ አናቴ ላይ ደፉልኝ። የሰፈሩ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ እናቶች ከረሜላ በተኑልኝ። እኔ ሞኙ ለሦስት መቶኛ ጨዋታዬ መስሎኝ ሁለቱን እጄን በእጅጌው አስገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፣ ለፎቶግራፉም ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ? በእኛ ዘንድ የተደረበ ካባ እምቢ አይባል፤ ያለበሰው ሰው እያየ አይወለቅ! ይህን ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወዲያው ድምፅ ማጉያው «ጫማውን የሰቀለውን ውድ አማካያችንን በክብር እንሸኘው!» ብሎ ጮኸ። ቁልቁል አየሁ፤ ጫማዬ እግሬ ላይ ነበር።

ወደ ሜዳ ልገባ ስል አሠልጣኙ ዓይኑን እያሸሸ «ወንድሜ፣ ካባ ለብሰህ አትጫወት ነገር፣ አውልቀው አልልህ ነገር፤ ፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል» አለኝ። እናም ዘጠናውን ደቂቃ በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ፀሐይ፣ ጥጥ በተሞላ ካባ ውስጥ ተቀምጬ፣ በላብ ተጠምቄ፣ በእኔ ቦታ የገባው ሰው ኳስ ሲነጠቅ ተመለከትኩ። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ። በማግስቱ ክለብዎ ለፌዴሬሽኑ «ተጫዋቹ በገዛ ፈቃዱ ጨዋታ አቁሟል» ብሎ ጽፎልኛል። ለዚህ ደንቡ የእኔን ፊርማ ይጠይቃል፤ ክለብዎ ግን እኔን ላለማስቸገር ሲል በፊርማዬ ፋንታ ካባ ለብሼ የሳቅኩበትን ፎቶግራፍ አያይዞ ላከ። ተቀባይነትም አገኘ። ደውዬ «አላቆምኩም እኮ!» ብላት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «ታዲያ ምን አሳቀህ?» አለችኝ።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው፤ የምለምንዎ ይኸው ነውና። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ የሁለተኛ ሊግ ቡድን ይፈልገኛል። አሠልጣኙ ደውሎ «ጉልበትህ ስንት ደቂቃ ይችላል?» አለኝ። «ዘጠናውንም» አልኩት። «እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ፣ ና!» አለኝ። ምዝገባው የሚዘጋው ከነገ ወዲያ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሚያስፈልገኝ አንድ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ «ካይርጌልዲ ጨዋታ አላቆመም» የሚል አንድ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ዓርብ ካለፈ ቀጣዩ ምዝገባ የካቲት ላይ ነው፤ ሰባት ወር ያልተጫወተ፣ የተሰፋ ጉልበት ያለውን የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ማን ይወስደዋል? ማንም። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ታኬታዬን አሥሬ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እጠጣለሁ፤ ባለቤቴ ባያን ምንጣፉ ሲበሳሳ እያየች ሻዬን ትሞላልኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጨንቆኛል። በቃ፣ ጨንቆኛል።

አራተኛ። ለዚሁ ወረቀት ዘጠኝ ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ትናንት ማክሰኞ በአሥረኛው ስላገኘሁዎት፣ ይልቁንም ቤትዎ ወስደው ምሳ ስለጋበዙኝ ውለታዎን አልረሳም። ከሁሉ በላይ ባለው የክብር ቦታ አስቀምጠው የበግ ጭንቅላት አቀረቡልኝ። ጭንቅላት የቀረበለት እንግዳ ቆርሶ ለጋባዡ ቤተሰብ ሳያድል ሌላ ጉዳይ አያነሳም፤ ስለዚህ ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ጆሮውን ለልጅ ልጅዎ፣ ላንቃውን ለሴት ልጅዎ ሰጠሁ። ጉንጩን ቆርሼ ለእርስዎ ልሰጥ ቀና ስል ወንበርዎ ባዶ ነበር። «ሰርግ አለባቸው፣ አንተ ግን ብላ» አሉኝ። በጉ የሰባ ነበር፤ አላህ ይስጥልኝ።

አምስተኛው የእኔ አቤቱታ አይደለም፤ የአባቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ካባውን ልመልስልዎ ሳጣጥፍ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡት አባቴ በር ላይ ቆመው «የለበስከውን ካባ ልትመልስ? ሰው ምን ይለናል? መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ!» አሉኝ። ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ወረቀቴን ተቀብለው፣ ለበዓል የሚያደርጉትን ባርኔጣ አድርገው ራሳቸው ቢሮዎ መጡ። ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ጸሐፊዎ «የሉም» ብላ ሻይ አመጣችላቸው፤ ሻዩን ሳይጨርሱ በመስኮት እርስዎ በጓሮ በር ወጥተው መኪና ውስጥ ሲገቡ አዩ። ቤት ሲደርሱ አልተቆጡም። ካባውን ከግድግዳ አውርደው፣ አራግፈው፣ ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩትና «የኦራዝጋሊ ትከሻ ካንተ ይሰፋል?» አሉኝ። «እኩል ነን፣ አባባ» አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ።

ስለዚህ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይህን ደብዳቤ ሁሉም ሰው እንዲያነበው በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እየለመንኩ፣ ክብርዎ ከዚህ ከፍ እንዲል፣ ደስታዎ እንዲበዛ፣ የሚጠሩበት ሰርግ እንዳይጠፋ፣ እስክርቢቶዎም ለአንድ መስመር የሚሆን ቀለም እንዲኖረው እመኛለሁ።

እግሩ ላይ ታኬታ ያለው፣
ካይርጌልዲ ኢስካኮቭ
ስድስት ቁጥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካባ መመለስ ነውር ነው፤ ማልበስ ግን ክብር ነው፤ በአገራችንም አንዱ የለበሰው ካባ ዞሮ ሌላውን ማልበሱ አዲስ አይደለም። ፊርማዎ እስከዚያ ካልደረሰን፣ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የፈረስ እሽቅድምድሙን ሊከፍቱ ሕዝብ ፊት ሲቆሙ፣ አባቴ ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር መጥተው «አሥራ አምስት ዓመት ክለባችንን መርተው በቃኝ ላሉት ፕሬዚዳንታችን» ብለው ካባውን ይደርቡልዎታል። ምርቃቱ ተዘጋጅቷል፤ ልጄ ቶምሪስ ከረሜላውን ይዛለች፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ያው የእኔው ነው። እንግዲህ የተደረበ ካባ እምቢ አይባልምና፣ እጅዎን በእጅጌው አስገብተው ፈገግ ይበሉ፤ ፌዴሬሽኑ ሌላ ፊርማ አይጠይቅዎትም።