መሬት ላይ የቀረው አውሮፕላንህ

ዘውዱዬ፣ የኔ ግትር፣

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሊሞላህ ነው። የመተማ ሙቀት ያው ነው፣ መብራቱም ያው ይጠፋል። የሰሊጥ እርሻ ደርሶ ትራክተሮቹ መበላሸት ሲጀምሩ፣ ከገለጉ ድረስ የመጡ ሰዎች በራችንን አንኳኩተው፣ ይጠግንልን እያሉ ስምህን ይጠራሉ። የለም ማለት አቃተኝ። ከነጥቁር ልብሴ ወጥቼ ስቆም እነሱም ይገባቸዋል።

ኮምፒውተርህን በነጠላ ሸፍኜው ነበር፤ በኀዘን ቤት ጨዋታ እንዴት ይከፈታል? አርባህ ካለፈም በኋላ አልገለጥኩትም። ሱዳን ተሻግረህ ከገላባት ስታመጣው ፊደሉ ሁሉ ዓረብኛ ሆኖ የሳቅነው ትዝ ይልሃል? ሰው የጦር አውሮፕላን ጨዋታ ሲከፍት ይበራል፣ ይዋጋል። አንተ ግን መሬት ላይ አቁመህ ግድግዳ ላይ ትተኩሳለህ! ከግራና ከቀኝ ክንፍ የሚወጣው ጥይት ማነጣጠሪያው ያሳየው ነጥብ ላይ መገናኘቱን ታያለህ፣ ትንሽ ታስተካክላለህ፣ ደግሞ ትተኩሳለህ። እኔም ስክሪኑ ሥር ቁጭ ብዬ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ እልሃለሁ። ይሄ አውሮፕላን እንቁላል ታቅፏል እንዴ እያልኩ ስንቴ አሾፍኩብህ!

ምክንያቱን የነገርከኝ ኋላ ነው። በወታደርነትህ ዘመን የአውሮፕላኑን መሣሪያ አንተ ያስተካከልክለት አብራሪ በርሮ ሳይመለስ ቀረ። ማንም አልወቀሰህም። አንተ ግን ማነጣጠሪያው ስቶበት ይሆን እያልክ ትራክተር ሥር ተኝተህም፣ ገበታ ላይም ስትብሰለሰል ኖርክ። ኩላሊትህ አልጋ ላይ ከጣለህ በኋላ እንኳ፣ ደግፊኝና አንዴ ልሞክረው ትለኝ ነበር። ደግፌ ወንበሩ ላይ አስቀምጥህ ነበር።

ትናንት ነጠላውን አነሳሁት። መጨረሻ ያስተካከልከውን ሳልነካ ተኮስኩ። ሁለቱም ጥይት ነጥቡ ላይ ገጠመ። ደግሜ ተኮስኩ፤ እዚያው። አለቀስኩ።

ጨዋታ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ያ አብራሪ ልጅ ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። እኔ ግን እጅህን አውቀዋለሁ። ለማታውቀው ሰው ትራክተር እንኳ አንዲት ብሎን ላልታ እንቅልፍ አይወስድህም ነበር። አልሳትክም ዘውዱዬ። በሕይወት እያለህ ይህን ስልህ ትከራከረኝ ነበር፤ አሁን መከራከር አትችልም፣ እኔም እስክሞት እልሃለሁ።

የአብራሪውን ክርስትና ስም ለኔ ብቻ ነበር የነገርከኝ። የዓመትህ ዕለት በፍትሐቱ ያንተ ስም ሲጠራ የሱም እንዲጠራ ለንስሐ አባታችን ነግሬያቸዋለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ አብራችሁ ትጠራላችሁ።

ባለቤትህ