ጥቁር የተነከረው ዩኒፎርሜ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8፣ 1999 ዓ.ም — ጠዋት 3 ሰዓት

ከበር ተመለስኩ። ደብተሬ፣ ክፍል ገብታለች ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ከት/ቤቱ አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ጥፋቱ የእማዬ ነው። ኧረ የሐዘኑ ነው። እንደ አባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ፣ የምዕራብ ዓባያው አጎቴ፣ ባለፈው ወር ሞተ። ቅዳሜ ዕለት ልብሷን ጥቁር ልትነክር ውሃ ጣደች። ከገመዱ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ ከተተች፣ የኔን ዩኒፎርም ጨምሮ። ውሃ ሰማያዊው ሸሚዝ፣ ቡኒው ጉርድ፣ ሁለቱም ከሰል መስለው ወጡ። ያወቀችው ስታሰጣው ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ምንም አይደለም አልኳት። እንዴት ምንም አይደለም? ሌላ የለኝም። ጨርቁን የሚሸጠው ሲቀላ ገበያ ያለ አንድ ሱቅ ነው፣ እሱም አልቋል፣ ለመስከረም ነው የሚመጣው አሉኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ መ/ር አስናቀ፣ በር ላይ ቆመው ከጫማ እስከ ፀጉር ይፈትሻሉ። ለሐዘን ጥቁር ሻሽ ይፈቀዳል፣ ጥቁር ዩኒፎርም ግን የለም። ወላጅ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደንብ ከተባለ ግን ወንድማቸውንም አያስገቡም።

እማዬ ደግሞ ከለቅሶው ወዲህ ከደጅ አልወጣችም። ገበያ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ። በሷ እጅ ምክንያት መባረሬን ከሰማች ትሰበራለች። አልነግራትም። በቃ።

ያው ቀን — 9 ሰዓት

ጉድ ልንገርሽ። የከሰዓት ፈረቃ መግባት ሲጀምር አንዲት ልጅ አጠገቤ መጥታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። በወንድ አንቀጽ። ከከተማ ወጣ ካለው ከላንቴ ነው የምትመጣው፣ ቤታቸው የሚያወሩት ጋሞኛ ነው፣ አማርኛዋ ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም። ስሟ ታደለች። እናቷ ሲቀላ ሙዝ ትሸጣለች፣ ጠዋት አብራት መጥታ እስከ ክፍል ሰዓት ታግዛታለች።

8ኛ ክፍል ነኝ ስላት እኔም አለች፣ ከሰዓት በኛው ክፍል። የት ትቀመጫለሽ ብላት፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ። የኔ ዴስክ! ዓመቱን ሙሉ የማንጎ ልጣጭ ውስጡ እየተወች የምታናድደኝ እሷ ናት ማለት ነው። «ልጣጭሽን ሰብስቢ» ብዬ ዴስኩ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌባት ነበር፣ «አንተም ማስቲካህን» ብላ ከሥሩ መልሳልኛለች። ሁለታችንም ያፈርን መሰለኝ። ከዚያ ሳቅን።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ ጠዋት ጠዋት የኔ ዩኒፎርም ሥራ ፈት ነው፣ አንተ ልበሰው አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

እየሠራ ነው። ጠዋት ከቤት ጥቁሩን ለብሼ እወጣለሁ። የታደለችን በፌስታል ይዤ። መንገድ ላይ የክፍሌ ልጅ ቤት ገብቼ እቀይራለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሲቀላ፣ እናቷ ሙዝ ከምትሸጥበት ጀርባ፣ ሸራ ተጋርዶልን እሷ ትለብሳለች። ማታ መልሳ ትሰጠኛለች። ከኔ ትረዝማለች፣ ጉርዱን በመርፌ ቁልፍ አሳጥረዋለሁ። እናቷ አማርኛ እምብዛም አታውቅም። እኔን ስታይ ግን ሙዝ ትመርጥልኛለች፣ እምቢ ብል ትቆጣለች።

እማዬ በጥቁሩ ስወጣ ታየኝና ት/ቤቱ አዘነልን ትላለች። እሺ እላታለሁ። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ትንሽ እህል ቀመሰች።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 26

መ/ር አስናቀ እጅጌዬን አዩት። ሰፍቶሻል፣ ከስተሻል እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩና ሮጥኩ።

ዛሬ ዴስኩ ውስጥ ልጣጭ የለም። ያልተላጠ ማንጎ ነው ያለው። ለኔ ነው። እንደዚች ያለችን ልጅ ስንት ወር በነገር ስወጋት ከረምኩ። እግዜር አላት የምትባል እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

አበቃልን። የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ይጀምራል። ሁለቱም ፈረቃ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ሙሉ ዩኒፎርም ያልለበሰ አይገባም፣ ጉርድ ከጉልበት በታች፣ ተብሎ በሰልፍ ላይ ተነገረ። አንድ ዩኒፎርም፣ ሁለት ልጅ።

ታደለች ምንም አልመሰላትም። አንተ የኔን ልበስ፣ እኔ 6ኛ ክፍል እያለሁ የለበስኩትን እለብሳለሁ አለች። እሺ አልኳት። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ይቀፈኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 17

ሸራው ጀርባ የ6ኛ ክፍሉን ለካችው። ጉልበቷ ሁለት ጣት ያህል ወጣ። ደረቷ ላይ ቁልፉ አይገናኝም። እሷ ሳቀች፣ እናቷ ግን አልሳቀችም። በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻት፣ ምን እንዳለቻት ታደለች አልነገረችኝም።

ከበር ልትመለስ እንደምትችል ታውቃለች። እያወቀች ደህናውን ለኔ ሰጥታ ወደ ላንቴ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 18 — ከሰዓት

እማዬ ፌስታሉን አገኘችው። የማን ነው አለችኝ። መዋሸት ደከመኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። መመለሴን፣ ወላጅ አምጪ መባሌን፣ ሸራውን፣ ማንጎውን ሳይቀር። እንድታለቅስ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ብቻሽን ነው አለችኝ። ብቻዬን አልነበርኩም አልኳት።

ተነሣች። የታደለችን ሸሚዝ አጠበች፣ ጉርዱን አጠበች፣ የመርፌ ቁልፉን ምልክት በውሃ አሸችው። የሰው ልጅ ልብስ እንዲህ ተጨማዶ አይመለስም አለች። ከለቅሶው ወዲህ እጇ እንዲህ ሲፈጥን ያየሁት ዛሬ ነው። ከፍቷት እንደሆነ ጠየቅኳት። ከፋኝ፣ በራሴ ከፋኝ አለች፤ ደግሞም ያቺን ልጅ እግዜር ይስጣት አለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 21 — ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወስነናል። የታደለች ዩኒፎርም ተተኩሶ ተጣጥፏል፣ መጀመሪያ ሲቀላ እሷ ጋ እናደርሳለን። የራሷን ለብሳ፣ ደረቷን ነፍታ ትገባለች። እኔ ጥቁሩን ነው የምለብሰው፣ ለብሼዋለሁም። ከዚያ እስከ በሩ ከእማዬ ጋር። የነከርኩት እኔ ነኝ፣ ለመ/ር አስናቀ የምናገረውም እኔ ነኝ ብላለች። ባያስገቡኝስ አልኳት። ካላስገቡሽ አብሬሽ እቆማለሁ፣ ሰው ያየኛል፣ ይየኝ አለች።

እማዬ ደጅ ልትወጣ ነው፣ ደብተሬ። ነጠላዋን ለብሳለች። ፈርቻለሁ፣ ደስታዬ ግን ከፍርሃቴ ይበልጣል፣ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን እያደረገች ነው። ብዙ ጊዜ ስላላደረገችው ጠቧት አንዱ እምቢ አላት፣ ተነሥቼ ልርዳት።