ሁለተኛው ክፍል ቀድሞ የታየበት ጠዋት

ለተከበሩ የዓመቱ ፊልም ሽልማት የዳኞች ጉባኤ ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ በተለይም በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ፊልም ያዩት ዓይኖችዎ አረፍ ብለው እንዲቆዩት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተራ ተመልካች ነኝ። ጸደይ ሲገባ የሚወጡትን ፊልሞች አንድም ሳላስቀር አያለሁ። ጉባኤዎ «ከሕዝብ ጋር አብሮ መተንፈስ» በሚለው የተመሰገነ ልማዱ መሠረት ፊልሞቹን በተራ ሲኒማ ቤት፣ ትኬት ከቆረጠ ሰው ጋር ተቀምጦ ሲመለከት፣ ከኋላችሁ ባለው ረድፍ ከተነፈሱት አንዱ ነበርኩ።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ። «ቅሬታ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

አንደኛ፤ ሦስት ሄሊኮፕተሮች ያሉበትን የጦርነት ፊልም በምርጥ ድምፅ ስላጫችሁት አመሰግናለሁ። ከወጣሁ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ድምፅ ስላልሰማሁ፣ ማሸነፉ አይቀርም ባይ ነኝ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካፖርቱን አንዴም ያላወለቀውን መርማሪ በምርጥ ተዋናይነት ማጨታችሁም ተገቢ ነው፤ ቢያንስ ላቡ እውነተኛ ነበር። የሠርጉ ኮሜዲ ምንም አለማግኘቱ ግን ገርሞኛል፤ ከፊቴ የነበሩት ዳኛ ከሣቅ ብዛት መነጽራቸው ወድቆ አብረን ወንበር ሥር ስንፈልግ ነበርና።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁልፍ ሠሪው ፊልም። በሲኒማው በር ላይ በለጠፋችሁት ውሳኔ «ኤዲተሯ መጨረሻውን ከመጀመሪያው አስቀድማ ታሪኩን አፍርሳዋለች» ብላችሁ ጽፋችኋል።

ኤዲተሯ እኅቴ ናት። ታናሼ። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

በዚያ ጠዋት ቁልፍ ሠሪው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ተቀበረ። ሴት ልጁ እሱ ቆልፎት የሄደውን ቁም ሣጥን ለመክፈት ስትታገል አንድ ሰዓት ያህል አየን። ከዚያ የፊልሙ ርዕስ ከነሠራተኞቹ ስም መጣ፤ ዘመናዊነት መሰለኝ። ከዚያ ሟቹ ቁጭ ብሎ ቁርሱን በላ። «አንቺ ልጅ፣ ቁልፍ እኮ አይገፋም፣ ይለመናል እንጂ!» እያለም ልጁን ሙያ ያስተምራት ጀመር። ግራ ገባኝ። እኅቴ «ሳልነግርህ እየው» ስላለችኝ ታሪኩን አላውቀውም ነበር። ወደ እናንተ ተመለከትኩ። ሰባታችሁም በጥሞና ራሳችሁን ትነቀንቁ ነበር። እኔም ነቀነቅኩ። ስወጣ ደወልኩላትና «ደፋር ሥራ ነው» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ። «አወቃቀሩ።» ያን «ምኑ?» እስከ ዛሬ በሄድኩበት ይዤው እዞራለሁ።

ቅዳሜ ዕለት እንደገና ገባሁ። ቁልፍ ሠሪው ቁርሱን በላ፣ ልጁን አስተማረ፣ ከዚያ ሞተ። ሰው እንደሚሞተው። አጠገቤ የነበረች ሴት በመሐረቧ አፏን አፍና አለቀሰች። መብራት ሲበራ የሲኒማውን ኦፕሬተር ፍለጋ ደረጃውን ወጣሁ። ማሽኑ ያረጀ በመሆኑ ረዥም ፊልም ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚጫንበት ነገረኝ። «ጋሼ፣ የዛን ዕለት ማሽኑ ሁለተኛውን ክፍል አስቀድሞ ደርድሮታል። እኔም መሐል ላይ ነቄ አልኩ። ግን እነዚያን የሚያህሉ ዳኞች ዝም ካሉ፣ እኔ ማን ነኝና ነው የማቆመው? እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ነው ብዬ ተውኩት!»

እሱ እናንተን አመነ። እኔም እናንተን አመንኩ። እናንተ ማንን አምናችሁ እንደነበር ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ሦስተኛ፤ ያው ማሽን ቀጥሎ የታየውን የባንክ ዘራፊዎቹን ፊልምም እንዲሁ ገልብጦት ነበር። ሰዎቹ መጀመሪያ ታሰሩ፣ በኋላ ዘረፋውን አቀዱ። ይኼኛውን ግን «በጊዜ ላይ የተነሣ ዐመፅ» ብላችሁ በምርጥ ኤዲቲንግ አጫችሁት። አንድ ማሽን፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ስሕተት። ልዩነቱን ለማግኘት ሦስት ቀን አሰብኩ። ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፦ የዘራፊዎቹ ዳይሬክተር በመካከላችሁ ተቀምጦ ነበር። እሱም ይነቀንቅ ነበር።

አራተኛ፤ ለእኅቴ ቀጣዩን ፊልሙን ሊሰጣት ቃል ገብቶ የነበረው ፕሮዲዩሰር ሰኞ ዕለት ደውሎ «የዳኞቹን ጽሑፍ አንብበሽዋል አይደል፣ እኅቴ? እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጥቶታል። ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ስም በአንዲት መስመራችሁ አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯን አልከፈተችም። ልጠይቃት ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አልብሳው አየሁት።

በአካል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በትሕትና አስተናግደውኛል፤ «ጉባኤው አይሳሳትም፤ ቢሳሳትም ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» አሉኝ። ለግልጽነታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

በደንባችሁ መሠረት ውሳኔ እስከ ዓርብ ድረስ ይታረማል። ሽልማት አልለምንም። የምለምነው በዚያው በር ላይ አንዲት መስመር እንድትለጠፍ ነው፦ «ፊልሙን ያየነው ተገልብጦ ነው።» አራት ቃላት ናቸው። ከባድ እንደሆኑ አላጣሁትም። እኔም የራሴን አራት ቃላት ለእኅቴ ለመናገር ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ «አልገባኝም፣ ዝም ብዬ ነቀነቅኩ» አልኳት። አልተቆጣችም። «አንተስ ዳኛ አይደለህም» አለችኝ።

ተገልብጦም ቢሆን እስከ መጨረሻው፣ ይኸውም እስከ መጀመሪያው፣ ስለ ታገሣችሁ ያለኝን አክብሮት ገልጬ፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

ከኋላችሁ ባለው ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች

ታካይ፦ የዘራፊዎቹ ዳይሬክተር ትናንት ለእኅቴ ደውሎ ነበር። ከሽልማቱ ቀን በፊት ፊልሙን ዳኞቹ እንዳዩት አድርጋ፣ ሁለተኛውን ክፍል አስቀድማ፣ እንደ አዲስ ቆርጣ እንድትቀጥልለት ይፈልጋል፤ «በዚህ ዓይነቱ ነገር ከአንቺ የተሻለ ሰው የለም ብለውኛል» አላት። ሥራ ነውና እሺ ብላዋለች። አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅላት አደራ ብላኛለች፦ «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ በዚያን ዕለት መሐል ላይ ወጥቶ ነበር፤ እናንተም ቆማችሁ አጨብጭባችሁ መልሳችሁ ተቀምጣችኋል። እዚያው ትተወው? ስሟን በተመለከተ ግን አትቸገሩ፤ በዚህ ፊልም ላይ እንዳይጻፍ ራሷ ጠይቃለች።