ዘንዶውን የያዝኩት እኔ ነኝ

የካቲት 12፣ ሐሙስ

እንዴት እንደምነግርሽ እንጃ፣ ደብተሬ። የትምህርት ቤት ቲያትር ገብቻለሁ። እኔ! በመርፌ መስፋት እንደምችል መምህራችን ያውቃሉ። ወንድማቸው ከዱባይ የላከላቸው ቀጭን ሽቦ አለ። እንደ ክር ይተጣጠፋል፤ ባትሪ ሲገባለት ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ይበራል። ጥቁር ጨርቅ ላይ በዘንዶ ቅርጽ ሰፋሁት። ጨርቁ ከአባዬ ሱቅ። መብራት ሲጠፋ ጥቁር ለብሼ፣ ጥቁር ተከናንቤ አወዛውዘዋለሁ። ሰው የሚያየው ዘንዶውን ብቻ ነው። እሺ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ አመሻሽ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ለገበያ የወጣ የገጠር ዘመድ ሁሉ ገብቷል። በቲያትሩ ውሃ ቀጂዋን ልጅ የምትሠራው ትርሲት ከምንጩ ልትቀዳ ጎንበስ አለች። መብራት ጠፋ። ዘንዶውን አበራሁ፤ ከኋላዋ ቀስ እያልኩ አመጣሁት። ድንገት ጩኸት፦ «ልጄን! ልጄን ሊበላት ነው!»

አያ ደሴ ናቸው፣ የትርሲት አያት፣ ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ የመጡት። ዘለው መድረክ ላይ ወጡ። ዱላቸውን ዘንዶው አናት ላይ አሳረፉት። አናቱን የያዘው ደግሞ ቀኝ ክንዴ ነው።

አናቱ ጨለመ። ገላው ይበራል። ሰው ያጨበጭባል! የቲያትሩ ክፍል መስሎታል። ዱላው እንደገና ተነሳ። ትርሲት «አባባ፣ ሰው አለበት!» ብላ እጃቸውን ያዘች።

እኔ አልጮህኩም። ምን ነካኝ? ለምን አልጮህኩም?

የካቲት 15፣ እሁድ

አብጧል እንጂ አልተሰበረም፣ አልሃምዱሊላህ። ለእማዬ ከደረጃ ወደቅሁ ብያት ነበር። ጠዋት አያ ደሴ ከትርሲት ጋር ማር ይዘው መጡ። ጉዴ ወጣ። እማዬ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አየች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ ትንፍሽ ባትይ? ብደግምሽስ ኖሮ?»

በግራ እጄ ማሩን ተቀበልኳቸው። ቀጥለውም፣ «ዘንዶው ግን ሸጋ ነበር» አሉ። እማዬ ሳትወድ ሳቀች።

ትርሲት የመምህራችንን መልእክት ይዛለች። ነገም ትዕይንት አለ። ዘንዶውን ሰው እንደያዘው አስቀድሞ ለተመልካቹ የሚናገር ካልተገኘ፣ ዘንዶው ከቲያትሩ ይወጣል ብለዋል። እኔው እናገርልሻለሁ አለችኝ። አይሆንም አልኩ። ጮክ ብዬ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ሽቦውን ከተሰበረበት ቆረጥኩ፤ ጫፉን በፕላስተር አሸግኩ። አዲሱን አናት እማዬ ሰፋችልኝ። አጠር ብሏል፣ ግን ይበራል።

ነገ መብራት ሳይጠፋ ብቻዬን እወጣለሁ። ክንብንቤን ከፊቴ አነሳለሁ። ስሜ ሰዓዳ ነው፣ ዘንዶውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዱላችሁን አስቀምጡልኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ይጥፋ።