በሐጂ ደብተር ላይ የረዘመችው መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 11

መስመሯ ረዝማለች። በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ባለፈው ዓርብ ሁለተኛውን ስድስት ብር ስከፍል ሐጂ ይማም የዱቤ ደብተራቸውን ገልጠው ስሜ ጋ ጻፉ። ድሮ ከስሜ ቀጥሎ ሁለት ጣት የማትሞላ ጽሕፈት ነበረች። አሁን ከዳር እስከ ዳር ሄዳ፣ አልበቃ ብሏት ወደ ታች ወርዳለች።

ምን ይሆን የሚለው? ሐጂ የሚጽፉት በዓረብ ፊደል ነው። እኔ የራሳችንንም ፊደል የተማርኩት በግማሽ ነው። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ሳልደግም ጠፋሁ፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ላይ አባረሩኝ። የመምህሩ ወንበር ላይ ማር የቀባሁት እኔ አይደለሁም። እሺ፣ እኔ ነኝ።

ዕዳው የመጣው እንዲህ ነው። በክረምት ከሐጂ ጨውና ሳሙና በዱቤ ወስጄ ወደ ቆላ ስወርድ አህያዬን ጅብ በላት። አህያዋን ጅብ፣ ጨውን ዝናብ። ሳሙናውም አረፋ ሆኖ ከጎርፉ ጋር ሄደ። አሥራ ስምንት ብር! መክፈያው ለጥቅምት ማለቂያ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ሄጄ፣ “ሐጂ፣ ባንድ ጊዜ አልችልም” አልኳቸው። ጢማቸውን አሻሹና፣ “በል በሦስት ዓርብ፣ ስድስት ስድስት” ብለው የውል ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። ከደስታዬ ብዛት በራቸው ላይ የቆመችውን ፍየል ግንባሯን ስሜ ወጣሁ።

ዛሬ ግን አያ ካሴ ዘንድ ሄድኩ። አህያ አላቸው፤ በዱቤ፣ ያለ ዋስ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። አዝመራው ደርሷል። አህያ ካለኝ የሰው ገብስ ከአውድማ እያመላለስኩ ሰው እሆናለሁ። ከሌለኝ እንዳለፉት ሳምንታት በጀርባዬ ስሸከም እከርማለሁ፤ ወገቤ አሁንም ቀና አይልም። አያ ካሴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “ዓርብ ሐጂን ልጠይቅና።”

አለቀልኝ። በከተማችን በአርብ ገበያ ዱቤ የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ ሐጂን ይጠይቃል። ሐጂም ደብተሩን ገልጠው ያነባሉ።

እንግዲህ መስመሯ የምትለው ከእነዚህ አንዱን ነው፦
– ዘግይቷል።
– ይህ ልጅ አይችልም፣ ተጠንቀቁ።
– ፍየሌን ስሟል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሲያጥን ዋለ። ዓይኔ ተቃጠለ። ሐጂም በራቸው ላይ የሳር ቅሪትና የተቀደደ ጆንያ ሲያነዱ አየሁ። ሰላም ሳልላቸው በጭሱ ውስጥ ሹልክ አልኩ። እኔ! ከሰው በር ሹልክ ያልኩት ለመስረቅ እንጂ በፍርሃት ሆኖ አያውቅም። (ዳቦ ነው የሰረቅኩት፤ ያውም ልጅ ሳለሁ።)

የሚካኤል ዝክር ላይ ጓደኛዬ ሞላ በሰው ፊት ነካካኝ። “ደሳለኝ፣ ዕዳህ እንዴት አደረች? አረገዘች ወይስ ወለደች?” ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ አራተኛ ዋንጫዬ ላይ ነበርኩ። አፌ ቀደመኝ። “ዕዳ? የምን ዕዳ? ሐጂ የዱቤ ደብተራቸውን ዛሬ ከቆሻሻው ጋር አጠኑት። ሲነድ አይቻለሁ!”

ሳቁ ቆመ። አንድ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። እኔም ወደ ዋንጫዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ወየው ጉዴ።

ሞላ በጠዋት እየሳቀ መጣ። ባለዕዳዎቹ ማለዳ ሐጂ በር ላይ ተሰልፈዋል አለኝ። አንዲት እናት እልል ብለዋል። አንዱ ደግሞ፣ “ደብተሩ ከነደደ ወዲያ አዲስ ጨው ይስጡኝ” ብሎ ቁና ይዞ ነው የሄደው። ሐጂ ደብተሩን ከጓዳ አውጥተው አሳዩአቸውና፣ “ማነው ያላችሁ?” ብለው ጠየቁ። ሁሉም ባንድ አፍ ስሜን ጠሩ።

“ምን አሉ?” አልኩት።

“ምንም። ‘ዓርብ ይምጣ’ ብቻ።”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ስሜ ጋ ምን ጨምረው ጽፈው ይሆን? መስመሯ እስከ አሁን ገጹን ሞልታዋለች።

ሞላ፣ “ወገዳ ከተማ ሂድ፣ እዚያ ማን ያውቅሃል?” አለኝ። የሐጂ አማች ወገዳ ሱቅ አለው፤ የደብተሩ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ ገብሷን እያበጠረች ቀና ሳትል፣ “ባባቴ ጊዜ ቢሆን ካበዳሪህ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረህ፣ ቁራኛ ሆነህ ዳኛ ፊት ትሄድ ነበር” አለችኝ። “ከሐጂ ጋር ብቋጠር መንገድ ላይ ጨዋታ አላጣም ነበር” አልኳት። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁ።

ያለኝን ቆጠርኩ። አምስት ብር ከሁለት ስሙኒ። ሁለት ስሙኒ ይጎድለኛል።

ሐሙስ

እናቴ ሳትናገር አውራ ዶሮዋን ይዛ ሰጠችኝ። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ዛሬ ያልተሸጠ ዶሮ እስከ ገና የሚያየው የለም። ለቅበላ የሚያርድ ሰው ፍለጋ በየደጁ ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ “ስሙኒ” አሉኝ። “አባቴ፣ በስሙኒማ ጩኸቱን ብቻ ነው የምሸጥልዎ” አልኳቸው። ስቀው ሁለቱን ሰጡኝ።

ስድስቱ ብር ሞላልኝ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ የሐጂ ደብተር ትዝ አለኝ። ብከፍልስ? ጽሕፈቱ ይጠፋል?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ስድስቱን ብር በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። አያ ካሴ ከፊት ቆመዋል። “መጣ አጣኙ!” አለ አንዱ።

ሐጂ ቀና አሉ። “ደብተሬ አመድ ሆኗል አሉ። ታዲያ አንተ ምን ልትከፍል መጣህ?”

ስድስቱን ብር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። “ዋሽቼ ነው፣ ሐጂ። ሚካኤልን፣ ጠጥቼ ነው።”

“ሚካኤልን ተወው፤ እሱ አልተበደረኝም።”

አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሐጂ፣ አህያ ልሰጠው ነበር። ይህ ልጅ እንዴት ነው?”

ሐጂ ደብተሩን ገለጡ። ጣታቸው ከቀኝ ወደ ግራ ሄደች። “የጨውና የሳሙና፣ አሥራ ስምንት። በቃሉ ቀን ባንድ ጊዜ አልከፈለም።”

 ጣታቸው ግን አልቆመችም።

“ቀኑ ሳያልፍ፣ ሳልጠራው፣ በእግሩ መጥቶ ነገረኝ። በሦስት ዓርብ ተስማማን። የመጀመሪያውን ዓርብ ከፈለ። ሁለተኛውን ከፈለ።” ብዕራቸውን ቀለም ነከሩና ጻፉ። “ሦስተኛውንም ከፈለ።”

ይኼ ነበር እንግዲህ ያረዘማት። ውሌን አውጥተው በሰው ፊት ለሁለት ቀደዱት። ነፍስ ዘራሁና፣ “ሐጂ፣ ካለቀ ያችን ‘አልከፈለም’ የምትለዋን ቢሰርዙልኝስ?” አልኳቸው።

“ውል ይቀደዳል። ደብተር አይሰረዝም። የሆነው እንደሆነው ነው የሚቀመጠው።”

አያ ካሴ ወደ እኔ ዞሩ። “አህያዋን ውሰድ። ግን ዋስ ትጠራለህ።”

“ያለ ዋስ ነበር እኮ ያሉኝ!”

“እሱ ‘ባንድ ጊዜ አልከፈለም’ የሚለውን ሳልሰማ ነው።”

ሞላን ከሰው መሐል በክንዱ ጎትቼ አወጣሁት። “በዝክሩ የነካካኸኝ አንተ ነህ፤ ና ፈርም።” እየተሳደበ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

ልወጣ ስል ሐጂ እንደገና አጎነበሱና ስሜ ሥር አንድ አጭር ነገር ጻፉ። እየጻፉ ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር፤ ይሳቁ ይቆጡ ጢማቸው ሸፈነብኝ።

“ያችስ፣ ሐጂ?”

“እሷን ሌላ ጊዜ ስትበደር አነብልሃለሁ።”

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

አህያዋ ደጃችን ታስራለች። አንዱ ጆሮዋ ቁራጭ ነው፤ የኔ ናት፣ ዕዳዋ እስኪያልቅ ግማሿ። ከሰዓት ሁለት ጭነት ገብስ አመላልሼባታለሁ። ጅብ እንዳይደርስባት ከእኛው ጋር ቤት ትገባለች፤ እናቴ እያጉረመረመች ቦታ ለቃላታለች።

ያቺ አጭር መስመር ግን ‘ዋሽቷል’ ትል ይሆን ወይስ ‘ፍየሌን ስሟል’ እያልኩ አስባለሁ። አያ ካሴን በተስማማነው ቀን፣ ለገና፣ እከፍላለሁ። ባይሞላልኝም ቀኑ ሳይደርስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ዝክር ላይ ደግሞ ከሦስተኛው ዋንጫ አላልፍም።

ፍየሏንም ዛሬ አየኋት። ከሩቅ ሰላም ብያት አለፍኩ።