የሰዒድ ሪህ ልጁ ላይ ሲነሳ

ሰይዴ፣

አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህንም ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኔ ያው እዚያው ከተማችን ሆፕኪንስ ነኝ። ባለፈው ክረምት በረዶ መጥረጉ ስላቃተኝ መኪናህን ሸጥኳት። ልጃችን ታሪቅ እዚህ ቅርብ ሮቢንስዴል ከተማ ሥራ ይዟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያየኛል።

በቀደም ግን እያነከሰ ገባ፤ በዚያ ብርድ አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ። ኳስ ስጫወት ተመትቼ ነው አለኝ። ካልሲውን ሳወልቅለት የአውራ ጣቱ ሥር ቀልቶ አብጧል። እጄን ሳስጠጋ ገና ሳልነካው እግሩን አሸሸ። ያን ጊዜ አንተ ፊቴ ላይ ድቅን አልክ።

ኤደን ፕሬሪ ከተማ ባለው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የምትነዳበት ጊዜ ነበር። አንድ ጠዋት ለሥራ ልትነሳ ብለህ መርገጥ አቃተህ። አንሶላው ሲነካህ እንኳ ታቃስት ነበር። መጀመሪያ ጫማው ጠቦኝ ነው አልክ፣ ቀጥለህ ብርዱ ነው አልክ። እኔም አሸሁህ፣ ባሰብህ።

ሐኪሟ ከመገጣጠሚያህ ፈሳሽ በመርፌ ቀድታ መረመረችና ሪህ ነው አለች። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ደቃቅ መርፌ እየሆነ ይጠራቀማል ብላ አስረዳችን። «የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ? እኔን ከየት አገኘኝ?» ብለህ አሳቅካት። ጉበትና ኩላሊት ተው፣ ሥጋ ቀንስ፣ ውሃ አብዛ፣ ለስላሳ መጠጥም ይቅርብህ አለችህ። ከሁሉ የከበደህ ለስላሳው ነበር።

ዩሪክ አሲዱን እንዲቀንስ ያዘዘችልህን በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን በጀመርክ ሰሞን የጣትህ ሕመም እንደገና ተነሳብህ። መድኃኒቱ ነው ያሳመመኝ ብለህ ጣልከው። ዒድ ሲደርስ መስጂድ ወንበር ላይ ሆነህ ሰገድክ፤ አባትህ የሚሆኑ ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀምጠው። ቤት ገብተህ ምሳ አልበላህም። «ዘይነባ፣ እንደ ሰው እግሬን አጥፌ መቀመጥ አማረኝ» አልከኝ።

በማግስቱ ራስህ ክሊኒክ ደወልክ። ሐኪሟ አልተቆጣችህም። ኪኒኑ ሲጀመር የተጠራቀመው ስለሚነቃነቅ ሕመሙ ሊነሳ ይችላል አለችና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታገሻ ጨመረችልህ። ሳያምህም ዋጠው አለችህ፤ ዋጥከው።

በቀጣዩ ዒድ ሶላቱ እንዳለቀ በር ላይ ጠበቅከኝ። «ተቀመጥኩ» ብቻ አልክ። ፊትህ እንደዚያ ሲበራ ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁም። ያን ቀን በቅርባችን ያለውን ሐይቅ በእግራችን ዞርነው፤ አንተ ከፊት ፈጥነህ፣ እኔ ቀስ በል እያልኩ ከኋላ።

ታሪቅን ሳላሸው ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እሱም ሪህ ነው ተባለ። አሁን ተሽሎታል፤ በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒንም ጀምሯል። ያን ቀን ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ አባዬንም እንዲህ አሞት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሄድክ ወዲህ እንባ እየቀደመን ስምህን አንነሳም ነበር፤ እሱ ለእኔ ይፈራል፣ እኔ ለእሱ። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ስለ ሕመምህ አሁን የጻፍኩልህን ሁሉ ነገርኩት። አለቀስን፣ ሳቅንም።

ሰይዴ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስምህ ሳይጠራ አይዋልም። እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ስላንተ አወራለሁ፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ የሚያወራው ልጅ አለህ።

ያንተው ዘይነባ